ቅኝቱ ከደጅ፣ ሸክላው ከሩቅ

አማርኛ የሙዚቃ ዲስክን «ሸክላ» ይለዋል፤ ከምጣድ፣ ከእንስራና ከጀበና ጋር አንድ ስም ሰጥቶታል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የጥንቶቹ ዲስኮች ከእጅ ሲያመልጡ እንደ ጀበና ብትንትናቸው ይወጣ ስለነበር ስሙ በልካቸው ነበር። ከእነሱ በኋላ የመጡት የፕላስቲክ ሸክላዎች፣ ባለ 45 እና ባለ 33 ዙሮቹ፣ በቀላሉ አይሰበሩም። ጠላቶቻቸው ሙቀት፣ አቧራና ጭረት ናቸው። የጃዝ ሸክላ ሰብስቦ በቤቱ ማዳመጥ የሚወድ ሰው ራያ ቆላ ላይ ቢኖር ሦስቱንም በአንድ ደጃፍ ያገኛቸዋል።

የራያዋ ከተማ ቆቦ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከወልድያ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ከበዋታል፤ መካከሉ ሜዳ ነው፣ የማሽላና የጤፍ ሀገር። ማሽላው ተቆርጦ ውቂያ ሲጀመር እብቁና ትቢያው ከአውድማ ተነስቶ ቤት ድረስ ይገባል። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ የቆርቆሮ ክዳን ከሥሩ ያለውን ክፍል እንደ ምድጃ ያግለዋል። ለሸክላ የማይመች ሀገር ነው። በሸክላው ላይ ለተቀረጸው ሙዚቃ ግን ከዚህ የሚቀርብ ሀገር ጥቂት ነው፤ ኢትዮ-ጃዝ የቆመባቸው ቅኝቶች የወሎ ቅኝቶች ናቸውና።

አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ሁለቱ በቀጥታ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል። ባቲ ከደሴ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከቆቦ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደግሞ ውጫሌን ሲያልፍ አምባሰል ውስጥ ነው። አራቱም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ትዝታ በሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው፤ በማይነሩ ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ባቲ ሬን ትቶ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ሲ ይላል። አምባሰል ከዶ ተነስቶ ግማሽ ድምፅ ብቻ ይራመድና ዝቅ ያለውን ሬ ይይዛል፤ ከዚያ ሚን ዘልሎ ፋ፣ ሶ እና ዝቅ ያለው ላ ላይ ይደርሳል። አንቺ ሆዬ ከአምባሰል የሚለየው በሁለት ድምፅ ነው፦ ሶ ግማሽ ዝቅ፣ ላ ግማሽ ከፍ። በወረቀት ላይ ሲታይ ኢምንት ነው። ለጆሮ ግን አምባሰል የተከዘ ሰው ሲሆን አንቺ ሆዬ እረፍት ያጣ ሰው ነው።

የራያ ልጅ እነዚህን ቅኝቶች በስማቸው ባያውቃቸውም በሥጋው ያውቃቸዋል። በሠርግ ላይ ከማሲንቆ ይሰማቸዋል፣ በመንዙማ ውስጥ ይሰማቸዋል፣ በነሐሴ አጋማሽ የቆቦ ልጃገረዶች ለሶለል ከበሮ ይዘው ሲወጡም ይሰማቸዋል። ሶለል በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል የራያ ስሙ ነው። ስለዚህ አንድ የቆቦ አድማጭ የሙላቱ አስታጥቄን «ትዝታ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ መሣሪያዎቹ እንግዳ ቢሆኑበትም ዜማው የሚሄድበት መንገድ የገዛ ደጁ መንገድ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ። ቤተሰቡ ምሕንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ላከው፤ እሱ ግን ሙዚቃን መረጠ። ለንደን በትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ከዚያም ቦስተን በበርክሊ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት አልበሞች፣ በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን አሳተመ። የሀገሩን ቅኝት ከጃዝ ጋር ሲያዋሕድ የገጠመው ችግር እንዲህ ነበር። የጃዝ ኮርድ ከሰባት ድምፅ፣ ሲያሻውም ከአሥራ ሁለቱም ድምፅ ይገነባል። ቅኝቱ ግን አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ከውጭ የመጣ ድምፅ በላዩ ከተደረበ መልኩ ይጠፋል፣ አምባሰሉ አምባሰል መሆኑ ይቀራል። የሙላቱ መፍትሔ ዜማውን በአምስቱ ድምፅ አጥሮ ማቆየት፣ የጃዙን ቀለም ከሥሩ በባስ፣ በኦርጋንና በነሐስ መሣሪያዎች በጥንቃቄ ማስገባት፣ ምቱን ከላቲን ከበሮና ከሀገሬው ችክችካ ማዋሐድ ነበር። ይህን ሥራ የወይን ጠጅና የጠጅ ድብልቅ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ጠጁ ጠጅ ሆኖ ቀርቷል፤ የተለወጠው ብርሌው ነው።

ከዓለም ጃዝ ውስጥ ለወሎ ጆሮ ቀላሉ መግቢያ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቀረጸው የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የቢቦፕ ጃዝ ኮርዶችን በፍጥነት እየለዋወጠ የሚሮጥ ነው። በዚህ አልበም ተጫዋቾቹ በአንድ የድምፅ ተርታ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ያንኑ ይፈትሻሉ፤ የማሲንቆ ተጫዋች በአንድ ቅኝት ሌሊቱን ሲያነጋ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ከኢትዮጵያውያን ደግሞ ከጌታቸው መኩሪያ መጀመር ይገባል። ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን ከአፍ ወደ ቴነር ሳክስፎን አዛወረ። ፉከራ በሠርግና በጀግና ለቅሶ ላይ ሰምቶ ያደገ ሰው ሳክስፎኑ የት ላይ እንደሚተነፍስ፣ የት ላይ እንደሚዝት ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. አረፈ፤ ከማረፉ በፊት ግን ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ቡድን ጋር አውሮፓን ዞሮ ተጫውቷል።

ሸክላው ራሱ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በብዙ ጥምዝምዝ መንገድ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልኮ ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ፤ ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች የሚቆጠሩት እነዚህ ናቸው። በኋላ የሸክላ ማስመጣትና ማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን ብቸኛ መብት በድፍረት የተጋፋው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ሀገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበር ቅጂዎቹ የሚታተሙት በውጭ ሀገር ነበር። በስድስት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ከ10 በላይ አልበሞች አሳተመ። ፊሊፕስ ኢትዮጵያና የዓሊ አብደላ ካይፋ ሙዚቃ ቤት ተከተሉት። ዱክ ኤሊንግተን በኅዳር 1966 ዓ.ም. ከነጓዶቹ አዲስ አበባ ገብቶ ከሙላቱ ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ አብዮቱ ፈነዳ። ሙላቱ በአምሃ በኩል ያወጣው «የካቲት ኢትዮ-ጃዝ» ስሙን የወሰደው ከዚያው የካቲት ነው። ከአብዮቱ ጋር የመጣው የሰዓት እላፊ የሌሊት ክበቦችን ጉሮሮ አነቀ፤ አምሃ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። 1970 ዓ.ም. ከመጥባቱ በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ።

ወደ ቆቦ ቤቶች በገፍ የገባው ካሴቱ ነው። ሸክላ የመጫወቻ መሣሪያና መብራት ይፈልጋል፤ ያኔ ሁለቱም በትንሽ ከተማ ብርቅ ነበሩ። ካሴት ግን ኪስ ውስጥ ይገባል፣ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ በባትሪ ድንጋይ ይዘፍናል። ድንጋዩ ሲደክምና የዘፋኙ ድምፅ እየጎተተ ሲወፍር፣ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣትና ለጥቂት ዘፈን ያህል ነፍስ እንዲዘራ ማድረግ በየቤቱ የሚታወቅ ዘዴ ነበር። ክሩ ከቴፑ ጥርስ ሲያመልጥና ሲጠላለፍ እርሳስ ወይም የቢክ እስክሪብቶ በመዘውሩ ጉድጓድ ከትቶ ቀስ ብሎ መጠቅለል ነው። ከተበጠሰም በጥፍር ቀለም ወይም በፕላስተር ይያያዛል፤ በተያያዘበት ቦታ ዘፈኑ ለሰከንድ ይዘላል። ያን ዝላይ የለመደ ሰው ዘፈኑን በሌላ ቅጂ ሲሰማ ዝላዩ መጥፋቱ ይከነክነዋል።

ዛሬ አብዛኛው አድማጭ ሙዚቃውን የሚያገኘው ከሙዚቃ ቤት ሚሞሪ አስጭኖ ወይም ከስልኩ ነው። ሚሞሪው በሺህ የሚቆጠር ዘፈን ይይዛል፤ ስለ ዘፈኑ ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። ማን ሳክስፎን ነፋ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተቀረጸ፣ የትኛው ባንድ አጀበ የሚለው ሁሉ በመንገድ ላይ ይራገፋል። ከአድማጭ ወደ ሰብሳቢ መሻገር የሚጀምረው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሰብሳቢ ማለት ብዙ ያለው ማለት አይደለም፤ የያዘው ነገር ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ማለት ነው።

ሸክላ ያገኘ የቆላ ሰብሳቢ መጀመሪያ ቦታ መምረጥ አለበት። የፕላስቲክ ሸክላ በ60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይለሰልሳል። ክፍሉ እዚያ ባይደርስም በመስኮት የገባ የቀጥታ ፀሐይ ወይም በሩ ተዘግቶ የቆመ መኪና ጥቁሩን ዲስክ በአጭር ጊዜ ሊያጎብጠው ይችላል። ቦታው ከቆርቆሮው የራቀ፣ ከግድግዳው ሥር ያለ ዝቅተኛ መደርደሪያ ቢሆን ይሻላል፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ክፍል ከብሎኬቱ ይበልጣል። ሸክላዎቹ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እንደ እንጀራ ከተነባበሩ የታችኛው በላይኛው ክብደት ይጎዳል።

አቧራው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። በአንድ ትልቅ ሸክላ አንድ ገጽ ላይ የተጠቀለለው ቦይ ቢዘረጋ ርዝመቱ ከ400 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ስፋቱ ግን ከፀጉር አይበልጥም። መርፌው በዚያ ቦይ ውስጥ ሲሄድ ግራና ቀኝ ግድግዳውን እየዳሰሰ ንዝረቱን ወደ ድምፅ ይለውጣል። የውቂያ ትቢያ በቦዩ ውስጥ ከተቀመጠ መርፌው ይረግጠዋል፣ ይፈጨዋል፣ ግድግዳው ላይም ይለጥፈዋል። በእሳት ላይ የወደቀ ጨው የሚመስለው ያ ፍንጥርጥር ድምፅ ከዚህ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመጫወት በፊት በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ በቦዩ አቅጣጫ መጥረግ፣ በጣም የቆሸሸውን በተጣራ ውኃና በጣት ጫፍ የፈሳሽ ሳሙና አጥቦ ጥላ ውስጥ ማድረቅ። ውኃው መሃል ያለውን ወረቀት እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የሸክላው መታወቂያ እሱ ነው። መርፌው እንዳይዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም መጫን የቆየ ልማድ ነው፤ መተው ያለበትም እሱ ነው። የዘለለውን ዘፈን ለዛሬ ያስኬደዋል፣ ሸክላውን ግን ለዘለዓለም ያርሰዋል።

የማዳመጫው ሰዓት ምሽት ነው። ፀሐይ ከላስታ ተራራ ጀርባ ስትገባ ሜዳው ይተነፍሳል፤ ሰው ሰሌን ይዞ ወደ ግቢ ይወጣል። ቡና ይፈላል። የአንድ ትልቅ ሸክላ አንድ ገጽ 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ አቦል ተቀድቶ ቶናው እስኪደርስ የመጀመሪያው ገጽ ያልቃል፣ ከቶና እስከ በረካ ሁለተኛው። ሸክላ በተፈጥሮው ለቡና የተሠራ ይመስላል፤ ተነስቶ ገልብጠኝ ይላል እንጂ ራሱን እየደጋገመ አያደነዝዝም። ባለ 45ቱ ትንሽ ሸክላ ግን በየሦስትና በየአራት ደቂቃው እጅ ይፈልጋል። አንዳንድ ረጅም ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ ገጽ አንድና ገጽ ሁለት ላይ ስለሚሰፍር፣ ቤቱ በመካከል ዝም ይላል፤ ተጫዋቾቹ ከቆሙበት እስኪቀጥሉ ድረስ የማገዶው ፍንዳታ ብቻ ይሰማል።

ድምፁም የሰፈር ሕግ አለው። አዛን ሲሰማ ዝቅ ይደረጋል። ጎረቤት ለቅሶ ከተቀመጠ ሸክላውም ካሴቱም ራዲዮውም ይዘጋል፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚወስነው የጉርብትናው ቅርበት ነው። በዐቢይ ጾም መሣሪያውን ጨርቅ አልብሶ የሚያስቀምጥ ቤት አለ። በውጭ ሀገር የሚጻፍ የጃዝ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ማዳመጥን የአንድ ሰው ብቸኛ ጉዳይ አድርጎ ይገልጸዋል፣ ከጆሮ ማዳመጫና ከተዘጋ በር ጋር። በቆቦ ግቢ ውስጥ ሙዚቃ የሚሰማው አጥሩን ተሻግሮ ነው፣ ስለዚህም የሚያዳምጠው ሰው ስለ ሰፈሩ ማሰብ ግዴታው ነው።

ዋናዎቹ ሸክላዎች አሁን በአብዛኛው ሀገር ውስጥ የሉም። እ.ኤ.አ. በ1986 የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ቤልጅግ ውስጥ ታትሞ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤቲዮፒክ» በሚል ርእስ የድሮ ቅጂዎችን በተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ፤ አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱን ዜማዎች ለዓለም አሰማ። ከዚያ ወዲህ የውጭ ሰብሳቢዎች አዲስ አበባ እየመጡ ከመርካቶና ከየቤቱ የተገኘውን ገዝተው ሄዱ። ዛሬ በደኅና ይዞታ ያለ የአምሃ ሪከርድስ አልበም በውጭ ገበያ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። በዚህ ማዘን ተገቢ ነው። ሆኖም ያ ሙዚቃ ድኗል፤ ተጣርቶ፣ ተባዝቶ፣ የተጫዋቾቹ ስም ተጽፎ ዳግም ታትሟል። የሙላቱን «የካቲት» መስማት የሚፈልግ የቆቦ ሰው በስልኩ ይሰማዋል።

ያልዳነው ሌላ ነው። በራያ ሠርግ ላይ በቴፕ የተቀዳ የማሲንቆ ሌሊት፣ አማርኛን ከትግርኛና ከኦሮምኛ እያጣቀሰ የሚሄድ የራያ ዘፈን፣ በካሴት ላይ ያለ የአንዲት መንዙማ አውጪ ድምፅ፣ የሶለል ልጃገረዶች ጭብጨባ፦ እነዚህ በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ናቸው። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ሁሉም ያውቀዋል፤ ስሟ ያልተመዘገበ የሰፈር አምባሰል ዘፋኝ ግን ያለችው በአንድ ካሴት ላይ ነው። የኢትዮ-ጃዝ ጥሬ ዕቃ ይህ ነው። ስለዚህ ለቆቦ ሰብሳቢ ከአንድ የመጀመሪያ እትም ሸክላ ይልቅ ጎረቤቱ ሳጥን ውስጥ ያለው የሠርግ ካሴት ይበልጣል። ሙላቱ ራሱ የደራሼን ሕዝብ የዋሽንት ስብስብ ደጋግሞ የሚያነሳው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የዘመኑ ጃዝ የሚመካበት የድምፅ ተርታ በደቡብ ገበሬ ቀርከሃ ውስጥ ቀድሞ እንደነበረ ለማሳየት።

ጊዜው ጠባብ ነው። የካሴት ክር ያረጃል፤ በሙቀት ይለጠፋል፣ ተጠቅልሎ ሲቆይም የአንዱ ዙር ድምፅ ወደ ጎረቤቱ ዙር ያልፋል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቆቦ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ ሰሜን ወሎ ለወራት ያለ መብራትና ያለ ስልክ ቆየ። ሕይወትን ያህል ነገር በጠፋበት ዘመን ስለ ካሴት መናገር ያሳቅቃል። ግን ሰው ተመልሶ ቤቱን ሲጠርግ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ የሟች አባቱ ወይም የእናቱ ድምፅ ያለበት ካሴት ነው።

ካሴትን ወደ ፋይል መገልበጥ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚሠራ ቴፕ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ገመድና በነፃ የሚገኝ የመቅጃ ፕሮግራም ይበቃል። መጀመሪያ የቴፑ ራስ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል። ለዓመታት ያልተጫወተ ካሴት እስከ ዳር ተጠቅልሎ ይመለሳል፤ የተለጠፈው ክር ይላቀቃል። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም፤ መብራት በመሃል ከጠፋም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ድምፁ ሳይጨመቅ ይቀመጣል፤ ጭረቱንና እሽታውን ለማጥፋት መቸኮል አይገባም፣ ከእሽታው ጋር የማሲንቆው ፀጉር ድምፅም ይሄዳልና። ፋይሉ ሁለት ቦታ ይቀመጣል፣ አንዱ ከቆቦ ውጭ፣ ወልድያ ወይም ደሴ ያለ ዘመድ ዘንድ። ከፋይሉ ጋር ማን እንደዘፈነ፣ ማን ማሲንቆ እንደመታ፣ የማን ሠርግ እንደነበር፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በምን ቅኝት እንደሆነ ይጻፋል። ቅኝቱን የማያውቅ ገልባጭ በሰፈሩ ያሉ ሽማግሌን ይጠይቃል፤ እሳቸውም ገና ሁለት ስንኝ ሳይሰሙ ይነግሩታል።